ቦሊቪያ፦ ከጨው ሜዳው ሌላም አገር አለ

ደገኛው (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። ስለ ደቡብ አሜሪካ ሲነሳ እዚህ ወሬው ሁሉ ብራዚልና አርጀንቲና ነው። አየር መንገዳችን ሳኦ ፓውሎና ቦነስ አይረስ ስለሚበር ይገባኛል። ስለ ቦሊቪያ የጠየቀ ግን አላየሁም። በቅርቡ ደርሼ ስለመጣሁ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቦሊቪያ ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የምታገኙት አንድ ፎቶ ነው። የኡዩኒ ነጭ የጨው ሜዳ፣ የተገለበጠ ሰማይ፣ መሀል ላይ የምትዘል ፈረንጅ። ብዙው ተጓዥ ከፔሩ ወይም ከቺሊ ብቅ ይላል፣ በላንድክሩዘር ሁለት ሦስት ቀን ይዞራል፣ ያቺን ፎቶ ይነሳና ውልቅ ይላል። እኔ እንዲህ አታድርጉ ባይ ነኝ። ሜዳው ቆንጆ ነው፣ አይካድም። አገሩ የሚገባችሁ ግን ሱክሬና ፖቶሲ ላይ ነው። ደግሞ ጉዞውን ከዝቅታ ወደ ከፍታ ብታደርጉት ለሳምባችሁም ይበጃል፣ ታሪኩም በቅደም ተከተል ይገባል።

በሳንታ ክሩዝ ግቡ። 400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት ከተማ ነው። ከሳኦ ፓውሎም ቀጥታ በረራ አለ። ከዚያ ሱክሬ፣ 2,800 ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ትላለች።

ሱክሬ ነጭ ከተማ ናት። የመሀል ከተማው ቤት ሁሉ ነጭ ነው የሚቀባው፤ ዩኔስኮ በ1991 መዝግቦታል። ቦሊቪያ ነፃነቷን ያወጀችው እዚህ ነው፣ ኦገስት 6 ቀን 1825። የተፈረመበት አዳራሽ ቀድሞ የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ ጸሎት ቤት ነበር። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1624 ነው፣ ዛሬም ያስተምራል። በወረቀት ላይ ዋና ከተማዋ እስካሁን ሱክሬ ናት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እዚያው ነው። መንግሥቱና ፓርላማው ግን ከ1899ኙ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ወደ ላፓዝ ተዛወሩ። የሱክሬ ሰው ይህን ጉዳይ ዛሬም በፈገግታ አያነሳውም።

ከዚያ ፖቶሲ። በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ግን ሽቅብ ነው። ከተማው 4,000 ሜትር አልፎ ነው የተቀመጠው። የትም ብትቆሙ ሾጣጣው የሴሮ ሪኮ ተራራ ከጣራው በላይ ይታያችኋል። በ1545 ብር የተገኘው በዚህ ተራራ ነው። በ1600ዎቹ መጀመሪያ ከተማው ከ150 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ነበር ይባላል፤ ያኔ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ከተማ በጣት የሚቆጠር ነው። የስፔን ነገሥታት ጦርነት፣ የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ጌጥ፣ የቻይና ንግድ፣ ብዙው ከዚህ ጉድጓድ በወጣ ብር ነው የተከፈለው።

የወጣው ደግሞ በግዳጅ ነው። በ1570ዎቹ የስፔኑ እንደራሴ ቶሌዶ ሚታ የሚባለውን የግዳጅ ሥራ አደራጀ። ከተመደቡት አውራጃዎች ለሥራ ከደረሰው ወንድ ከሰባቱ አንዱ በየዓመቱ ተራ እየደረሰው ወደ ማዕድኑ ይላክ ነበር። ብሩን ከድንጋዩ የሚለዩት በሜርኩሪ ነው። ከዋሻው የተረፈውን ሜርኩሪው ያገኘዋል።

መሀል ከተማ ላይ የብር ገንዘብ ይቀረጽበት የነበረው ትልቅ ግቢ አለ፣ ካሳ ዴ ላ ሞኔዳ። አሁን ሙዚየም ነው። ብሩን የሚደፈጥጡት ግዙፍ የእንጨት መዘውሮች እዚያው አሉ፤ የሚዞሩት በበቅሎ ነበር። በባርነት የመጡ አፍሪካውያንም እዚህ ቤት ሠርተዋል። ማርትሬዛ ለኛ ቅድመ አያቶች የነበረውን ያህል፣ የፖቶሲ ብር ለግማሽ ዓለም የታወቀ ገንዘብ ነበር። ለዚህ ሙዚየም ግማሽ ቀን ስጡት። አስጎብኚ ይዛችሁ ነው የሚገባው፣ በእንግሊዝኛም አለ።

ኡዩኒን ሁሉም ስለሚጽፈው አሳጥራለሁ። 10,582 ካሬ ኪሎ ሜትር ጨው፣ 3,656 ሜትር ከፍታ ላይ። የደረቀ ጥንታዊ ሐይቅ ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ከፍና ዝቅ ማለቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሳተላይቶች ከፍታ መለኪያቸውን የሚያስተካክሉበት ለዚህ ነው። ከጨው ሜዳው በስተደቡብ ያለው ክፍል ይበልጥብኛል። ቀይ ሐይቅ፣ ፍላሚንጎ፣ የሚንተከተክ ጭቃ። ሌሊቱ ግን ቀልድ የለውም፣ በጁንና በጁላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርዳል።

ላፓዝ የመጨረሻ ትሁን። ከተማው በአውቶቡስ ብቻ ሳይሆን በአየር ላይ ገመድም ነው የሚንቀሳቀሰው። በ2014 የመጀመሪያው መስመር ተከፈተ፣ አሁን 10 መስመር ደርሷል። ከገደሉ ግርጌ ተነስታችሁ ከላይ እስካለችው ኤል አልቶ ከተማ ድረስ በሰው ጣራ፣ በሰው ልብስ ማስጫ፣ በሰው ውሻ ላይ ታልፋላችሁ። ለጎብኚ የተሠራ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ሰው ሥራ የሚሄድበት ነው።

በሉ ጠይቁ።


ሸገር_88

ዋው፣ ቆንጆ ጽሑፍ ነው። እኛ አዲሳበቤዎች ከፍታው አይከብደንም አይደል? እዚሁ ተወልደን አድገን።


ደገኛው

ሸገር፣ ሱክሬ ላይ ምንም አይሰማህም። ፖቶሲ ላይ ግን ደረጃ ስትወጣ ታውቀዋለህ። አዲስ አበባ ከላፓዝ በሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለች። የኤል አልቶ አውሮፕላን ማረፊያ 4,061 ሜትር ላይ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ተነስቶ ቀጥታ እዚያ የሚያርፍ ሰው ሻንጣውን ሳይጎትት ነው የሚደክመው።

የኮካ ቅጠል ሻይ በየሆቴሉ አለ፣ ይረዳል ይላሉ። እዚያው ጠጡት። ቅጠሉንም ሆነ የሻይ ከረጢቱን ግን ይዛችሁ አትውጡ። አሜሪካ ክልክል ነው። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያላችሁማ ጭራሽ አታስቡት። ሥራ ቦታ የሽንት ምርመራ ያለባችሁም አትጠጡት፣ በምርመራ ይወጣል። ሯጭ ከሆናችሁም እንደዚሁ።


ነርሷ_ከዳላስ

በዚህ ላይ ልጨምር። ደገኛ መሆን በደም የሚወረስ ጥቅም አለው፣ ግን እንደምናስበው አይደለም። ሳይንቲስቶች ሦስት ደገኛ ሕዝብ እያነጻጸሩ ያጠናሉ፦ የአንዲስ፣ የቲቤትና የኢትዮጵያ። የአንዲስ ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል፣ ደሙ ይወፍራል። ሰሜን ደጋችን ላይ 3,500 ሜትር ገደማ የሚኖሩ ሰዎች ሲለኩ ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም፤ ኦክስጅናቸውም ደህና ነው። ተመሳሳይ ተራራ፣ የተለያየ መፍትሔ።

ይህ ማለት ግን ዳላስ ስንት ዓመት የኖርኩ እኔ ላፓዝ ላይ አልታመምም ማለት አይደለም። ሰውነት ቶሎ ይረሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ከዚያ በላይ አትውጡ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውዬው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወዲያው ወደ ታች ይወረድ፣ ማግስቱን አትጠብቁ። ግፊት፣ ልብ ወይም እርግዝና ያላችሁ ትኬት ሳትቆርጡ ሐኪም አማክሩ። ለከፍታ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፣ ግን በሐኪም ትእዛዝ።

ቢጫ ካርዳችሁንም እንዳትረሱ። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ይጠየቃል።


የጣና_ልጅ

ደገኛው፣ የቲቲካካን ሐይቅ ዘለልከው እኮ! ለኛ ለጣና ሰዎች እሱ ነው ዋናው።

ላጫውታችሁ። የኖርዌዩ አሳሽ ቶር ሄየርዳል፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ተነሳ። በ1969 ራ የምትባል ጀልባ አሠራ። ደንገሉ የተጫነው ከጣና ነው። ሠሪዎቹ የቻድ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ። ያቺ ጀልባ ብዙ ተጉዛ ዳርቻ ሳትደርስ ፈረሰች። በዓመቱ ሁለተኛዋን አሠራ። ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነው፤ ሠሪዎቹ ግን ከቲቲካካ፣ ከቦሊቪያ የመጡ የአይማራ ሰዎች ሆኑ። በ1970 ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

በጣና ደንገል፣ በቲቲካካ እጅ፣ አትላንቲክ ተሻገረ። ሰውዬው ስለ ጥንቱ ያለው ግምት ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ጀልባዋ ግን ደርሳለች። እዚያ ሄዳችሁ ቶቶራ የሚሉትን ሸምበቆ ሲያስሩ ስታዩ ታንኳችን ትዝ ትላችኋለች።


ደገኛው

የጣና ልጅ፣ ይህን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ።

ቲቲካካን አልዘለልኩትም፣ ለጥያቄ አቆይቼው ነው። 3,812 ሜትር ላይ ነው፤ ከፔሩ ጋር ይካፈሉታል። ከላፓዝ ወደ ኮፓካባና ስትሄዱ ቲኪና የሚባል ጠባብ ቦታ ላይ አውቶቡሱ በእንጨት ጀልባ ተጭኖ ይሻገራል። እናንተ ወርዳችሁ በትንሽ ጀልባ። አውቶቡሱ ሲወዛወዝ ሻንጣችሁን እያሰባችሁ ቆማችሁ ታያላችሁ።

ኮፓካባና ላይ የእመቤታችን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሐውልቷን በ1580ዎቹ የቀረጸው ፍራንሲስኮ ቲቶ ዩፓንኪ የሚባል የአገሬው ሰው ነው። ከደጁ ላይ መኪና ይባረካል። አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ በአበባና በወረቀት አሸብርቆ ይመጣል፣ ቄሱ ጸበል ይረጫል፣ ከዚያ ባለቤቱ ጎማው ላይ ቢራ ያፈሳል። ጸበሉ ለእመቤታችን፣ ቢራው ለምድር እናት። ሁለቱን አብሮ ማድረግ ማንንም አይከነክንም። ከኮፓካባና በጀልባ ወደ ፀሐይ ደሴት ይኬዳል፤ ኢንካዎች ፀሐይ የተወለደችው እዚያ ነው ይሉ ነበር። አንድ ሌሊት እደሩበት።


ሾፌሩ_ከዱባይ

ቦሊቪያ ባሕር የላትም አይደል? የባሕር ኃይል ግን አላት ሲሉ ሰምቼ ሳቅኩ።


ደገኛው

እውነት ነው። ቲኪና ላይ ነጭ የለበሱ መርከበኞች ታያለህ። ከቺሊ ጋር በ1879 በተጀመረው ጦርነት የባሕር ዳርቻቸውን አጡ። በየዓመቱ ማርች 23 የባሕር ቀን ያከብራሉ፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ሕፃናት ሳይቀሩ መርከበኛ ይለብሳሉ። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ቺሊን ከስሰው ነበር። በኦክቶበር 2018 ፍርድ ቤቱ ቺሊ የመደራደር ግዴታ የለባትም ብሎ ወሰነ።


ሾፌሩ_ከዱባይ

እንግዲህ እኛስ የባሕር ኃይል አቋቁመን የለ እንዴ። ከነሱ ጋር ማኅበር እንግባ።


አስተባባሪ

ወገኖች፣ የወደብ ጉዳይ የራሱ ክፍል አለው። ከዚህ በላይ ከሄደ እዘጋዋለሁ። ስለ ጉዞው ቀጥሉ።


ማርታ_ዘለንደን

እኔ ፖቶሲ ላይ ከደገኛው ጋር አንድ ጥያቄ አለኝ። የማዕድን ጉብኝቱን አላነሳኸውም። ሆን ብለህ ነው? እኔ ስሄድ የሆስቴሉ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነበር። ፈረንጆቹ የሠራተኛ ልብስና ባትሪ ያለው ቆብ ለብሰው ይገባሉ። መጀመሪያ የማዕድን ሠራተኞቹ ገበያ ትወሰዳላችሁ፤ ኮካ፣ ለስላሳ፣ ዲናሚት ሳይቀር በሱቅ ይሸጣል። ገዝታችሁ ለሠራተኛው ትሰጣላችሁ። ከዚያ ዋሻው ውስጥ አቧራ ለብሶ የሚሠራ ሰው እያያችሁ ፎቶ ማንሳት። አልገባሁም። ሰው ሲሠቃይ ከፍሎ ማየት አልዋጠልኝም።


ደገኛው

ማርታ፣ ሆን ብዬ ነው። ገብቻለሁ። ግን ሂዱ ብዬ ልመክርም አትሂዱ ብዬ ልከለክልም አልቻልኩም።

ያየሁትን ልናገር። አስጎብኚዬ ራሱ በልጅነቱ እዚያ የሠራ ነው። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ ከዋሻው የወጡበት መንገድ ቱሪስቱ ነው። ማዕድኑ አሁንም ይሠራል፣ በሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበራት። ብር እያለቀ ቢሄድም ዚንክና ቆርቆሮ አለ። የሠራተኛው ትልቁ ጠላት አቧራው ነው፣ ሳምባ ይበላል። ውስጥ ቲዮ የሚሉት የሰይጣን ሐውልት አለ፣ ቀንድ ያለው። ደጅ ላይ ክርስቲያን ናቸው፣ መስቀል ይሳለማሉ። ከመሬት በታች ግዛቱ የሱ ነው ብለው ሲጋራ ይለኩሱለታል፣ ኮካ ያስቀምጡለታል። ተራራው ራሱ ከ500 ዓመት በሚጠጋ ቁፋሮ ወንፊት ሆኗል፤ ጫፉ እየሰመጠ ነው። ዩኔስኮ በ2014 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ያስገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ያንቺ ሐሳብ ትክክል ነው። ግን ሙዚየሙን አይቶ ብሩን አድንቆ፣ ዛሬም በዚያው ጉድጓድ ሰው እንዳለ ሳያይ የሚሄድም ሰው አንድ ነገር ጎድሎበታል። የሚገባ ካለ፣ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቅ። ሰው ሥራ ላይ ነው።


ማርታ_ዘለንደን

እሺ፣ በዚህ እንለያይ። አስጎብኚው የቀድሞ ሠራተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ግን ጥሩ ምክር ነው። ዲናሚት ለቱሪስት መዝናኛ የሚያፈነዱ ድርጅቶች አሉ፤ ከነሱ ራቁ።


ቤቲ_ኤም

ይቅርታ፣ ቀጥታ ልጠይቅ። ጥቁር ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው። እንዴት ያዩናል?


ማርታ_ዘለንደን

ቤቲዬ፣ እኔም ብቻዬን ነው የሄድኩት። ደህንነቱን በተመለከተ ከብዙ የአካባቢው አገር የተሻለ ነው የመሰለኝ። ኪስ አውላቂ አለ፣ ማታ ማታ ታክሲ በመተግበሪያ ጥሪ። አፍጥጠው ያዩሻል፣ ያ አይቀርም።

አንድ የምታውቂው ነገር ግን አለ። ጥቁር ሰው ሲያዩ እርስ በርስ የሚቆናጠጡ አሉ፣ ዕድል ያመጣል ብለው። «ሱዌርቴ» ሲሉ ትሰሚያለሽ። ክፋት የለውም ይሉሻል። የአገሩ ጥቁሮች ግን ይህን አይወዱትም፣ ስድብ ነው ብለው ሲታገሉት ቆይተዋል። በ2010 ዘረኝነትን የሚከለክል ሕግም ወጥቷል። እኔ ቆም ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አይ ነበር፣ ያፍራሉ።

አዎ፣ የአገሩ ጥቁሮች አሉ። አያቶቻቸው በባርነት መጀመሪያ ለፖቶሲ የመጡ ናቸው። በኋላ ዩንጋስ ወደሚባለው ሞቃት ሸለቆ፣ ኮካ ወደሚተከልበት እርሻ ተወሰዱ። ባርነቱ በ1851 ቢሻርም በባለርስት ሥር የነበረው ገባርነት እስከ 1953ቱ የመሬት ሥሪት ለውጥ ዘልቋል። ንጉሥም አላቸው፦ ሁሊዮ ፒኔዶ። ሙሩራታ የሚባል መንደር ይኖራል፣ ገበሬ ነው፣ ትንሽ ሱቅ አለው። የላፓዝ አውራጃ መስተዳድር በ2007 በይፋ አውቆታል። ከኮሮይኮ ከተማ ወደ ቶካኛ መንደር ውረጂ፣ ሳያ የሚባለውን ዘፈንና ጭፈራቸውን እዚያ ታያለሽ። ከበሮው ሲጀምር እግርሽን አትከለክይውም።


ሸገር_88

ኮሮይኮ ያ የሞት መንገድ የሚባለው አለበት አይደል?


ማርታ_ዘለንደን

አዎ። በ1930ዎቹ ከፓራጓይ ጋር በተደረገው ጦርነት የተማረኩ ወታደሮች ናቸው የቆፈሩት። በ2006 አዲስ መንገድ ስለተሠራ አሁን አሮጌው በብዛት የብስክሌት ቱሪስት ነው የሚወርድበት። እኔ በሚኒባስ በአዲሱ ሄድኩ፣ አላፈርኩበትም።


ዲያቆን_ኤች

በጾም ለሚሄድ ሰው ምን ይበላል? ሥጋ አገር ይመስለኛል።


ደገኛው

ዲያቆን፣ ሥጋ አገር ነው፤ ላማ የሚሉት የተራራ እንስሳ ሥጋ ሳይቀር አለ። ግን ድንች የተገኘው ከዚያ ተራራ ነው፣ ዓይነቱ ተቆጥሮ አያልቅም። በሌሊት ውርጭ አቀዝቅዘው፣ በእግር ረግጠው ውሃውን አውጥተው፣ በፀሐይ የሚያደርቁት ቹኞ የሚባል ድንች አለ፣ ዓመታት ይቀመጣል። እውነት ለመናገር ጣዕሙን አልለመድኩትም። ኪኑዋ፣ ባቄላ፣ የተቀቀለ በቆሎ በየገበያው ነው። ሾርባ ስታዝ ሥጋ እንደሌለው ደግመህ ጠይቅ፤ «ሥጋ የለውም» ብለው በአጥንት የተሠራ መረቅ ያመጡልሃል።

ያሁዋ የሚሉት ማባያ ግን ያድንሃል። ቲማቲምና ሎኮቶ የሚባል የሚያቃጥል ቃሪያ በድንጋይ ላይ ይፈጩታል። ትኩስ ዳጣ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከሐምራዊ በቆሎ የሚፈላ አፒ የሚባል ትኩስ መጠጥ አለ፣ ቅመም ያለው። አብሮት የሚቀርበው ፓስቴል አይብ ስላለበት ለፍስክ ነው።

ሳልቴኛን ለፍስኩ ተውት። መረቅ የሞላው የተጋገረ ነገር ነው፣ ረፋድ ላይ ነው የሚበላው። ልብሳችሁን ጠብቁ።


ቤቲ_ኤም

ቡናስ?


ደገኛው

ዩንጋስ ላይ ጥሩ ቡና ይበቅላል። ሆቴል የሚያቀርብልሽ ግን ብዙ ጊዜ የዱቄት ቡና ነው። ላፓዝ ላይ የአገሩን ቡና የሚያፈሉ ቤቶች አሉ፣ ሶፖካቺ ሰፈር ፈልጊ።


አባ_ዘመን

ልጆች፣ ስታወሩ ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ። በኛ ጊዜ ቦሊቪያ ማለት አንድ ነገር ነበረች፦ ቼ ጉቬራ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስሙ ከመፈክር አይጠፋም ነበር። አብዛኞቻችን ቦሊቪያ በካርታ ላይ የት እንዳለች አናውቅም፣ ሰውዬው ግን የቅርብ ዘመዳችን ነበር። የሞተበትን ቦታ የሄደ አለ?


የጣና_ልጅ

ጋሼ፣ እኔ ሄጃለሁ። ከሳንታ ክሩዝ ወደ ቫዬግራንዴ በመኪና ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ ጠመዝማዛ ነው። ከዚያ ላ ኢጌራ የምትባል ትንሽ መንደር። ኦክቶበር 8 ቀን 1967 ተማረከ፣ በማግስቱ በመንደሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ገደሉት። አስከሬኑን ወደ ቫዬግራንዴ ሆስፒታል ወስደው በልብስ ማጠቢያው ላይ አጋድመው ለጋዜጠኛ አሳዩት። ያ ማጠቢያ ዛሬም አለ፣ ግድግዳው ከዓለም ዙሪያ በመጡ ሰዎች ጽሑፍ ተሞልቷል። አፅሙ የተገኘው በ1997 ነው፣ ኩባ ተወስዶ ተቀበረ።

አንድ ያስገረመኝ ነገር፣ የአካባቢው ገበሬ ያኔ አልተከተለውም። መሬት በ1953 ስለተከፋፈለ ብዙው የራሱ ማሳ ነበረው። አሁን ግን አንዳንዶቹ ፎቶውን ቤታቸው ሰቅለው ሻማ ያበሩለታል።


አባ_ዘመን

መሬቱን ቀድሞ አግኝቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ያኔ ማንም አልነገረን። አመሰግናለሁ ልጄ።


ሐውልቱ

አክሱማዊ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ቲዋናኩን ላንሳ። ከላፓዝ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ይሆናል። ኢንካዎች ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበረ ከተማ ነው። የፀሐይ በር የሚሉት ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው።

በ1932 ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም የድንጋይ ሐውልት እዚያ ተቆፍሮ ወጣ። ወደ ላፓዝ ተጭኖ ተወሰደ፣ ስታዲየም ፊት ለፊት ቆመ። በመኪና ጭስ መሀል አሥርት ዓመታት አሳለፈ። የአይማራ ሰዎች መልሱልን ሲሉ ኖረው በ2002 ወደ ቦታው ተመለሰ። የኛው በ1937 ሮም ሄዶ በ2005 ነው የተመለሰው፣ በ2008 ቆመ። እነሱ የወሰደባቸው ባዕድ ሳይሆን የራሳቸው ዋና ከተማ ነው፣ እሱ ይለያል። አሁን በሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ ከዝናብ ተጠብቆ። ሳየው «እኛስ ጣራ ብንሠራለት» አልኩ፣ ከዚያ የኛው 24 ሜትር መሆኑ ትዝ አለኝ።

ጁን 21 ንጋት ላይ ከሄዳችሁ የአይማራን አዲስ ዓመት ታያላችሁ። ብርዱን ቻሉት።


ዲያቆን_ኤች

ቤተ ክርስቲያን ለሚወድ ሰው ከሳንታ ክሩዝ በስተምሥራቅ የቺኪቶስ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። አልሄድኩም፣ ግን ብዙ አንብቤባቸዋለሁ። ኢየሱሳውያን ከ1691 ጀምሮ የሠሯቸው የእንጨት ሕንፃዎች ናቸው፣ ስድስቱ በ1990 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ከኛ አገር አፄ ፋሲል ባባረሯቸው በስልሳ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። የስፔን ንጉሥ ደግሞ በ1767 ከዚያም አባረራቸው። የአገሬው ሰው ግን የተማረውን ሙዚቃ አልጣለውም። የኖታ ወረቀቱን በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ጠብቆ አቆየው፣ አሁን በፌስቲቫል ይጫወቱታል። እኛ ጋ ጎርጎራ ፍርስራሽ ነው የተረፈው።


ቤቲ_ኤም

እሺ ገንዘብና ጊዜ። በጃንዋሪ መጨረሻ ነው ፈቃድ የማገኘው። ካርድ ይሠራል?


ደገኛው

ቤቲ፣ ጥሬ ዶላር ያዢ። ከ2023 ጀምሮ አገሩ ላይ ዶላር ጠፍቶ ነበር፣ የባንኩና የመንገዱ ዋጋ ተለያየ። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ከመሄድሽ በፊት ያን ሰሞን ያለውን ምንዛሬ አጣሪ። ኖቱ አዲስና ያልታጠፈ ይሁን፣ ትንሽ ቀደድ ካለ አይቀበሉሽም። ካርድ በትልልቅ ሆቴል ይሠራል፣ ኡዩኒ ላይ አትመኪበት። ቪዛው እንደያዝሽው ፓስፖርት ነው፣ ትኬት ሳትቆርጪ ቆንስላቸውን ጠይቂ።

ትልቁ ጣጣ የመንገድ መዘጋት ነው። ቅሬታ ያለው ሁሉ ድንጋይ ደርድሮ አውራ ጎዳና ይዘጋል፤ አስተማሪው፣ ሹፌሩ፣ ገበሬው። አንዳንዱ በሰዓት ይከፈታል፣ አንዳንዱ ሳምንት ይፈጃል። በእግር አልፈሽ ከወዲያ ማዶ ሌላ መኪና መያዝ ትችያለሽ፣ የአገሩ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። መመለሻ በረራሽ ካለበት ከተማ ሁለት ቀን ቀድመሽ ድረሺ። ድርድር የለውም።

ጃንዋሪ ዝናብ ነው። ሱክሬና ላፓዝ ላይ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል እንጂ አያስቸግርም። ኡዩኒ ላይ ያ መስታወት የሚመስለው ውሃ የሚተኛው ያኔ ነው፣ ግን ውሃው ከበዛ ካክተስ ያለባት ደሴት ድረስ መኪናው አይገባም። ውሃ የማያሳልፍ ቦት ጫማ ያዢ፣ ጨው ቆዳ ጫማ ይበላል።


የጣና_ልጅ

ቤቲ፣ ፈቃድሽ ወደ ፌብሯሪ ከገፋ የኦሩሮን ካርኒቫል እንዳታመልጪ። ቀኑ እንደ ፋሲካቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዋናው ሰልፍ የነሱ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ያለው ቅዳሜ ነው። ሰይጣን ለብሰው እየጨፈሩ ኪሎ ሜትሮች ይጓዙና መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ለእመቤታችን ይንበረከካሉ። ሞሬናዳ የሚሉት ጭፈራ ደግሞ በባርነት የመጡትን አፍሪካውያን የሚያስታውስ ነው። መቀመጫ በትኬት ነው፣ አልጋ ከወራት በፊት ያልቃል። እኔ አልጋ አጥቼ ከላፓዝ ሌሊት በአውቶቡስ ነው የሄድኩት፤ ሦስት አራት ሰዓት ነው፣ ይቻላል። የውሃ ፊኛና አረፋ ይወረውሩብሻል፣ ስልክሽን በላስቲክ ጠቅልዪ።


ቤቲ_ኤም

ፌብሯሪ እንዲያደርጉልኝ አለቃዬን ጠይቄያለሁ። ካርኒቫሉ ላይ የሚመጣ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አልጋ እንጋራ። ሴት ብቻ።